ዬሂብ ይተከል ከማለታችን በፊት

ድሬ ላይ የድርቅ ጨዋታ ሲነሳ "ለምንድነው ዬሂብ በብዛት የማይተከለው?" የሚል ሰው አይጠፋም። አብዛኛውን ጊዜ ሶማሌ ክልል፣ ዋርዴር ወይም ገላዲ ዘመድ ያለው ሰው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በትንሽ ዝናብ የሚኖር፣ በጋ ከክረምት ቅጠሉ የማይረግፍ፣ ፍሬው ያለ ብዙ ጣጣ የሚበላ ቁጥቋጦ እዚሁ በአገራችን በረሃ እያለ የእርዳታ ስንዴ መጠበቅ ያናድዳል። እኔም ይተከል ባይ ነኝ። ግን ከመትከሉ በፊት መመለስ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፤ ሲነሳ ብዙም አልሰማም። የትኛው ዬሂብ?

ከመንገድ ዳር ካሉ ሁለት ሦስት ቁጥቋጦዎች ፍሬ ለቅሞ አንድ ሺህ ተክል ማብቀል ይቻላል። ከሃያ የተለያዩ ቦታዎች ለቅሞ አንድ ሺህ ማብቀልም ይቻላል። በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው። ሪፖርት ላይም ያው "አንድ ሺህ" ተብለው ነው የሚጻፉት። የልጅ ልጆቻቸው ላይ ሲደረስ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ይህን ልዩነት ቀድሞ ማየት የሚቻለው ዲኤንኤ ላይ ነው። ዲኤንኤውን ለማንበብ የሚያስፈልገው መሣሪያ፣ የዘረመል ማርከር የሚባለው፣ ለየተክሉ ለብቻው መሠራት አለበት፤ የጤፉ ማርከር ለዬሂብ አያገለግልም። ዛሬ የማወራው ስለዚህ ነው፤ ትንሽ ቴክኒካል ይሆናል፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ተክሉን ለማያውቀው። ዬሂብ በተፈጥሮ የሚበቅለው በዓለም ላይ በሁለት አገር ብቻ ነው። አንደኛው የእኛ ሶማሌ ክልል ነው፣ ዋርዴር ባለበት በዶሎ ዞን በኩል። ሁለተኛው ድንበሩን ተሻግሮ ያለው ማዕከላዊ ሶማሊያ ነው። በቃ። ሳይንሳዊ ስሙ ኮርዶክሲያ ኢዱሊስ ይባላል። ስሙን ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ1907 ሄምስሊ የሚባል እንግሊዛዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ሲሆን፣ መታሰቢያነቱም በጊዜው የእንግሊዝ ሶማሌላንድ አስተዳዳሪ ለነበረው ለካፒቴን ኮርዶ ነው። (እረኛ ሲበላው የኖረውን ተክል በቅኝ ገዥ ስም መጥራት የዘመኑ ወግ ነበር፤ እንለፈው።) በጂነሱ (የቅርብ ዘመድ ዝርያዎች የሚመደቡበት ቡድን ነው) ውስጥ ብቸኛው ዝርያ ነው። ይሄ ነገር ለማርከር ሥራ ትልቅ ጣጣ አለው። ሌላ ተክል ቢሆን ከቅርብ ዘመዱ ላይ የተሠራ ማርከር ተውሶ መሞከር ይቻላል፤ ዬሂብ ግን በጂነሱ ውስጥ ዘመድ የለውም፣ ከዜሮ መጀመር ግድ ነው ማለት ይቻላል።

ቅጠሉን አንስታችሁ ብታዩት ትንሽና ደረቅ ያለ ነው። ከሥሩ ስትገለብጡት ቀያይ ነጠብጣቦች ተነስንሰውበታል። በሁለት ጣት መካከል አሽት አሽት ስታደርጉት ጣታችሁ ይቀላል፣ ቶሎም አይለቅም። ቀለሙን የሚሰጠው ኮርዶክሲያኪኖን የሚባል ኬሚካል ነው። ይህን ቅጠል እየበላ የሚያድግ ፍየል ሲታረድ አጥንቱ ነጭ አይደለም፣ ወደ ብርቱካናማ ያደላል። ፍሬው በትንሽ ቆባ ውስጥ አንድ ሁለት ሆኖ ይቀመጣል፤ ቅርፊቱ ስስ ነው፣ ውስጡ ይጣፍጣል። ጥሬውንም፣ ቆልተውም፣ ቀቅለውም ይበሉታል፤ የተቀቀለበት ውሃ ራሱ ጣፋጭ ስለሚሆን አይደፋም፣ ይጠጣል። ከፍሬው ወደ 37 በመቶ ስታርች፣ ወደ 24 በመቶ ስኳር፣ ወደ 13 በመቶ ፕሮቲንና ወደ 11 በመቶ ቅባት ነው። ለበረሃ ቁጥቋጦ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ታዲያ ምን ሆነ? ተበላ። ሰውም በላው፣ ግመልም በላው፣ ፍየልም በላው። በድሮው አኗኗር ሰውና ከብት ዝናብ ተከትለው ይሄዱ ስለነበር ቁጥቋጦው ፋታ ያገኝ ነበር። ቢርካ፣ ማለትም ዝናብ የሚጠራቀምበት የሲሚንቶ ጉድጓድ፣ በየቦታው ሲበዛ ውሃው ባለበት መንደር ተቆረቆረ፣ ከብቱም እዚያው ሰነበተ። ለማገዶና ለአጥር የሚቆረጠው ሲታከልበት በመንደሩ ዙሪያ ያለው ዬሂብ ሳሳ። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ከሸፈ፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው የመጨረሻዋን ፍሬ ለነገ ይተዋታል ብሎ መጠበቅ ግፍ ነው። ተክሉ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ላይ ለመጥፋት ተጋላጭ ከተባሉት መካከል ይገኛል። በብዙ ቦታ ያሉት ያረጁ ቁጥቋጦዎች ናቸው፤ በሥራቸው ቡቃያ ማግኘት ብርቅ ነው።

"ዘሩን ሰብስበን አዲስ አበባ ማቀዝቀዣ ውስጥ ብናስቀምጠውስ?" ይባላል። ለማሽላና ለገብስ ይሠራል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመ፣ በአፍሪካ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ የሆነ የዘረመል ባንክ አላት፤ ዘሩ በደንብ ደርቆ፣ ታሽጎ፣ ከዜሮ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ለዓመታት ይቆያል። የዬሂብ ፍሬ ግን ከተለቀመ በኋላ የመብቀል አቅሙን በወራት ውስጥ ያጣል። በዚያ ላይ ነቀዝ ይወደዋል። ስለዚህ ዋናው ባንክ እዚያው ሜዳው ላይ ያለው ቁጥቋጦ ነው። ባንኩን ሲመሩ የነበሩትና እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተሸለሙት ዶ/ር መላኩ ወረደ ዘር በገበሬው ማሳ ላይ እያለ ይጠበቅ እያሉ ሲከራከሩ የኖሩት ለእህል ነበር፤ ለዬሂብ ከሆነ ሐሳቡ ከምርጫም ያለፈ ነው፣ ሌላ መንገድ የለም ማለት ይቻላል።

አሁን ችግሩ ፈጠጠ። ሜዳ ላይ መጠበቅ ማለት አጥር ማጠር፣ ከጎሳ ሽማግሌዎች ጋር መስማማት፣ ለከብቱ ሌላ ግጦሽ መፈለግ ማለት ነው። ሁሉንም ቦታ ማጠር አይቻልም። ብር የለም፣ ደግሞም ፍየሉም መብላት አለበት። እንግዲህ የትኞቹ አምስት ወይም ስድስት ቦታዎች ይታጠሩ? በእኔ እይታ የማርከር ሥራ ቅንጦት የማይሆነው እዚህ ጋ ነው። መምረጥ ግድ ከሆነ በምን እንደምንመርጥ ማወቅ አለብን።

በመልኩ መምረጥ አይቻልም ወይ? በከፊል። ችግሩ አንድ ቁጥቋጦ ያጠረው በዘሩ ይሁን ፍየል ስለጨረሰው ይሁን በዓይን አይታወቅም። አሸዋው ጠለቅ ያለበት ቦታ ያለው ይረዝማል፣ ድንጋያማው ላይ ያለው ይቀጭጫል፤ ሁለቱ ግን የአንድ እናት ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ።

ወደ ማርከሩ እንግባ። በብዛት የሚሠራበት ማይክሮሳተላይት የሚባለው ነው። ዲኤንኤ በአራት ፊደላት እንደተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ይቆጠራል፦ ኤ፣ ቲ፣ ጂ፣ ሲ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንዳንድ ቦታ ላይ አጭር ቃል ተደጋግሞ ይገኛል፣ ለምሳሌ ጂኤ ጂኤ ጂኤ ጂኤ እያለ። ህዋስ ራሱን ሲገለብጥ እንዲህ ዓይነት ድግግሞሽ ላይ ሲደርስ ይንሸራተታል፤ አሥራ ሁለት የነበረው ጂኤ አሥራ ሦስት ይሆናል ወይም አሥራ አንድ። አንድ ፊደል በስህተት የሚቀየርበት አጋጣሚ በጣም ጥቂት ነው፤ ይህኛው መንሸራተት ግን ከዚያ በብዙ ሺህ እጥፍ ይፈጥናል። ደግሞ ብዙውን ጊዜ ተክሉን አይጎዳውም፣ አይጠቅመውም። ዝም ብሎ ከእናትና ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። እያንዳንዱ ቁጥቋጦ አንዱን ቅጂ ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ ይወስዳል። አንዱ 12/15 ሆኖ ሌላው 13/13 ከሆነ ለያየናቸው ማለት ነው። አንድ ቦታ ብቻ ካየን በአጋጣሚ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ አሥራ አምስት ሃያ ቦታ ላይ ካየን ግን መምታታት የለም፣ እያንዳንዱ ቁጥቋጦ በራሱ ቁጥር ይታወቃል።

ያንን ቦታ ከመላው ዲኤንኤ ውስጥ ነጥሎ የሚያወጣው ፒሲአር ነው፣ በኮቪድ ጊዜ ስሙን ሁላችንም የለመድነው። የፈጠረው ካሪ ሙሊስ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲሆን በ1993 ኖቤል ተሸልሞበታል። ፕራይመር የሚባሉ ሁለት አጫጭር ቁራጮች ከድግግሞሹ በፊትና በኋላ ይለጠፋሉ፤ ኮፒው ከአንዱ ተነስቶ ሌላው ጋ ያበቃል፣ ልክ ከከፊራ ሳቢያን፣ ከሳቢያን ከፊራ ብቻ እንደሚመላለስ ባጃጅ፣ ሌላ ሰፈር አይገባም። በየዙሩ እጥፍ ይሆናል። ሠላሳ ዙር ላይ አንዱ ቁራጭ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሆኗል። ከዚያ ርዝመቱን መለካት ነው። ለዚያ ደግሞ ከጄል (ቁራጮቹ በኤሌክትሪክ እየተሳቡ በርዝመታቸው የሚለያዩበት የረጋ ነገር) ጀምሮ እስከ ዘመናዊ ማሽን ድረስ አማራጭ አለ።

አስቸጋሪው ነገር ፕራይመሩ ራሱ ነው። የት እንደሚለጠፍ ለማወቅ በድግግሞሹ ግራና ቀኝ ያለውን ጽሑፍ አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል። ድሮ ይሄ የወራት ድካም ነበር፤ ባክቴሪያ ውስጥ እየከተቱ ቁራጭ በቁራጭ ማንበብ። ዛሬ የአንድ ቁጥቋጦ ዲኤንኤ ፊደላቱን ለሚያነብ ሲኩዌንሲንግ ማሽን ይሰጣል፣ ኮምፒዩተሩ ድግግሞሽ ያለባቸውን ቦታዎች በሺዎች ለቅሞ ያወጣል። ይሄን የሰማ ሰው ሥራው አለቀ ይላል። አላለቀም። ከነዚያ ሺዎች ውስጥ ጥቂት አሥሮች ተመርጠው ፕራይመር ይታዘዝላቸዋል፣ ከዚያ ከተራራቁ ቦታዎች በመጡ ጥቂት ተክሎች ላይ ይሞከራሉ። አንዳንዱ ጨርሶ አይሠራም። አንዳንዱ ሦስት አራት ቦታ ላይ ተለጥፎ ጄሉን ያዥጎረጉረዋል። አንዳንዱ ቁልጭ ብሎ ይሠራል ግን ሁሉም ተክል ላይ አንድ ዓይነት ርዝመት ነው፣ ምን ያደርጋል? አንዳንዱ ደግሞ አታላይ ነው፦ ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱ ላይ ፕራይመሩ አልለጠፍ ብሎ ቅጂው ይሰወራል፣ ተክሉ 12/15 ሆኖ ሳለ 12/12 መስሎ ይታያል፣ እኛም እርስ በርሱ የተዳቀለ ነው ብለን በሐሰት እንመሰክርበታለን። እነዚህ ሁሉ ተነቅሰው ወጥተው የሚተርፈው ብዙ ጊዜ አሥራ ምናምን፣ ቢበዛ ሃያ ሠላሳ ነው። ይሄ ነው እንግዲህ "ማርከር ማዘጋጀት" የሚባለው። አሰልቺ ነው፣ ዜና አይሆንም፣ ሪቫን አይቆረጥለትም። አንዴ ከተሠራ ግን ማንም ላብራቶሪ ፕራይመሩን አዝዞ ሊጠቀምበት ይችላል።

ከዚያ በፊት ግን ዲኤንኤውን ከቅጠሉ ማውጣት አለ። በረሃ ተክል ላይ የሠራ ሰው ይሄን ሲሰማ ራሱን ይይዛል። ቅጠሉ ሲፈጭ በውስጡ ያሉት ፌኖልና ኪኖን የሚባሉ ኬሚካሎች አየር አግኝተው ይጠቁራሉ፣ ከዲኤንኤው ጋርም ይጣበቃሉ። ጥርት ያለ ነጭ ክር ይወጣል ሲባል ቱቦው ሥር ቡናማ፣ የሚያጣብቅ ነገር ይቀራል፤ ፒሲአሩ ውስጥ ሲገባ ሥራውን ቀጥ ያደርገዋል። ጣት የሚያቀላው፣ የፍየል አጥንት የሚያቀልመው ዬሂብ ከዚህ ይተርፋል ብሎ ማሰብ ሞኝነት ነው። መላ አለው። ለጋ ቅጠል መምረጥ፣ በቆረጡት ደቂቃ ሲሊካ ጄል ውስጥ ከቶ ማድረቅ (አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ "አትብሉ" ተብሎ የሚገኘው ፍሬ ፍሬ ነገር ነው)፣ ሲወጣ ደግሞ ኬሚካሉን የሚይዝ ፒቪፒ የሚባል ዱቄት መጨመር። ላብራቶሪ ውስጥ የሚጠፋው ጊዜ አብዛኛው እዚህ ነው።

እሺ፣ ማርከሩ ተዘጋጀ እንበል። ምን ይነግረናል? በመጀመሪያ የቦህ ዬሂብና የገላዲ ዬሂብ አንድ ሕዝብ ናቸው ወይስ ከተለያዩ ቆይተዋል የሚለውን ይነግረናል። አንድ ከሆኑ አንዱን ቦታ በደንብ መጠበቅ ሊበቃ ይችላል፤ ከተለያዩ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ቀጥሎ እያንዳንዱ ቦታ በዘረመል ብዝኃነት ምን ያህል ሀብታም እንደሆነ ይነግረናል። ሃምሳ ቁጥቋጦ ያለው ቦታ ከአምስት መቶው የበለጠ ሀብት ሊይዝ ይችላል። ቆጠራ ይሄን አያሳይም። ቢጫዋን አበባ የሚጎበኙት ነፍሳት ብናኙን ምን ያህል ርቀት እንደሚወስዱም ማወቅ ይቻላል፦ የእናቲቱንና የፍሬውን ዲኤንኤ አንብቦ፣ የቀረው ግማሽ የማን ነው ብሎ በአካባቢው ያሉትን ቁጥቋጦዎች መጠየቅ ነው። በአጭሩ የአባትነት ምርመራ ነው። አባትየው ሁልጊዜ ከጎን ያለው ከሆነ፣ በመንደርና በመንገድ የተቆራረጡ ቦታዎች ተነጣጥለው ቀርተዋል ማለት ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ ጊዜው ላይ። ተነጥሎ የቀረ ትንሽ ሕዝብ በየትውልዱ ብዝኃነት ይጥላል። ሒሳቡ ቀላል ነው፣ አንድ ሲካፈል ለቁጥራቸው እጥፍ። ዘር የሚተኩት አሥር ብቻ ከሆኑ በአንድ ትውልድ ካላቸው 5 በመቶውን ያጣሉ፣ ሃምሳ ከሆኑ 1 በመቶ። ዬሂብ ደግሞ ዕድሜው ረጅም ነው። ዛሬ ቆሞ የምናየው ትልቅ ቁጥቋጦ የበቀለው ቢርካውም መንደሩም ሳይመጣ፣ ዬሂቡ ጥቅጥቅ ብሎ በነበረበት ዘመን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ትልልቆቹን ብቻ ለክቶ "ብዝኃነቱ ጥሩ ነው፣ አያሳስብም" ማለት ትልቅ አደጋ አለው። የምናነበው የድሮውን ዘመን ነውና። ጉዳቱ የሚታየው ቡቃያው ላይ ነው። ከየቦታው ሽማግሌውም ጨቅላውም ተለክቶ ጎን ለጎን ካልተቀመጠ ውጤቱን ባናምነው ይሻላል። በብዙ አገር የሚወጡ እንዲህ ዓይነት ጥናቶች ትልልቁን ብቻ ቆርጠው ሲመለሱ አያለሁ፤ ቡቃያ መፈለግ በፀሐይ መንበርከክ ይጠይቃላ!

ማርከር ሁሉን አያውቅም። ማይክሮሳተላይት የሚያየው ብዙውን ጊዜ ጥቅምም ጉዳትም የሌለውን ክፍል ነው፤ የትኛው ቁጥቋጦ ድርቅ እንደሚችል፣ የትኛው ፍሬው እንደሚጣፍጥ አይናገርም። ይሄን የሚያውቀው ሰው አለ። ከፊራ የግመል ወተት የሚሸጡ አንዲት ሶማሌ እናት ስለ ዬሂብ ሳነሳባቸው ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ።

"ኤዶ፣ ዬሂብ ያውቃሉ?"

"የቱን? ሱሌዩን ነው ሞቅሌዩን?"

እኔ ፊት ላይ መደናገሩ ታየ መሰለኝ ሳቁብኝ። "አቦ፣ ሳትለየው ነው እንዴ የምትጠይቀኝ!"

ሱሌይና ሞቅሌይ እረኞች በቁጥቋጦውና በፍሬው አይተው የሚለዩዋቸው ሁለት ዓይነቶች ናቸው። በዘርም የተለያዩ ናቸው ወይስ አፈሩ ነው ያለያያቸው? ሃያ ማርከርና ከየዓይነቱ ሠላሳ ሠላሳ ቅጠል ለዚህ ጥያቄ ይበቃል። ግን ናሙናው ሲቆረጥ አብሮ የሚሄደው እረኛ "ይሄ ሱሌይ ነው" ያለው እዚያው ፖስታው ላይ ካልተጻፈ፣ ላብራቶሪ ገብቶ ማንም ሊያውቀው አይችልም። ጂፒኤስ ብቻ ጽፎ መመለስ የጥናቱን ግማሽ ሜዳ ላይ ጥሎ መምጣት ነው።

አሁን አንዳንዱ ወዳጄ "ማይክሮሳተላይት አልቆበታል፣ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ የነጠላ ፊደል ልዩነቶችን አንዴ የሚያነብ ዘዴ አለ" ይለኛል። እውነቱን ነው። ስኒፕ የሚባሉት ናቸው፣ ብዙ መረጃ ይሰጣሉ፣ ዋጋውም እየወረደ ነው። ግን ናሙናው ውጭ ተልኮ፣ ዳታው በትልቅ ኮምፒዩተር ተፈጭቶ ነው። ማይክሮሳተላይት ፒሲአር ማሽን ባለበት ቤት ሁሉ ይሠራል። ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ከድሬ ወደ ሐረር ስንሄድ መንገዳችን ላይ ነው፣ ጅጅጋም ዩኒቨርሲቲ አለ። አንድ የማስተርስ ተማሪ ከመቶ አዳዲስ ቡቃያ የቆረጠውን እዚሁ ለክቶ በሴሚስተሩ ውስጥ መልስ ቢያገኝ፣ ከዓመት በኋላ ከውጭ ከሚመጣ ቆንጆ ግራፍ እመርጠዋለሁ። አንድ እንከኑን አልደብቅም፦ ያው ቁራጭ ርዝመቱ በአንዱ ላብራቶሪ 152 ፊደል፣ በሌላው 154 ሆኖ ሊነበብ ይችላል፣ ስለዚህ ቤቶቹ የጋራ መለኪያ የሚሆን ዲኤንኤ መከፋፈል አለባቸው።

ቅጠሉ ውጭ መላኩ ከተነሳ ሕጉንም እንይ። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የዘረመል ሀብት የሚገኝበትንና የማኅበረሰብ መብት የሚጠበቅበትን መንገድ ደንግጓል፤ ያለ ፈቃድ ቅጠል ጠቅልሎ መውጣት አይቻልም። ጤፍ ላይ የደረሰው አይረሳም። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ውል ተፈረመ፣ ብዙም ሳይቆይ የጤፍ ዱቄት ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አውሮፓ ውስጥ በኩባንያው እጅ ተገኘ፣ ኢትዮጵያም ይህ ነው የሚባል ጥቅም ሳታገኝ ቀረች። የሄግ ፍርድ ቤት በኔዘርላንድ ፓተንቱ ዋጋ የለውም ያለው በ2018 ነው። አሁን ደግሞ ነገሩ ረቀቀ። የዬሂብ ዲኤንኤ ተነብቦ ኢንተርኔት ላይ ከተጫነ ቅጠሉ ራሱ አያስፈልግም፤ ቀለሙን የሚሠራውን ጂን ፈልጎ እርሾ ውስጥ ለመክተት የሚሞክር ሰው ዋርዴር መምጣት የለበትም። እንዲህ ያለውን ዲጂታል መረጃ የሚጠቀሙ ኩባንያዎች የሚያዋጡበት የካሊ ፈንድ የሚባል ገንዘብ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ተከፍቷል። መዋጮው በፈቃደኝነት ነው፤ ስለዚህ ብዙ ተስፋ አልጥልበትም። ከዚያ ይልቅ ጥናቱ ሲጀመር ከማኅበረሰቡ ጋር በግልጽ መዋዋል ይበልጥብኛል።

"ይሄ ሁሉ ጥናት እስኪያልቅ ተክሉ ይጠፋል፣ ዝም ብለን እንትከል" የሚል ክርክርም አለ፣ ንዴቱ ይገባኛል። መልሴ ከድሬ ዳር ነው። ከውጭ የመጣውን እሾሃማ ዛፍ፣ ፕሮሶፒስን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና 80ዎቹ በረሃውን ያለማል ተብሎ በቅን ልብ የተተከለ ነው። ዛሬ አፋርን ወርሶ፣ የእኛንም የከተማ ዳርቻ አጥሮ፣ ግጦሹን ዘግቶ፣ ነቅለን ልንጨርሰው አልቻልንም። ዬሂብ እንደ ፕሮሶፒስ አይወርም፤ የሱ አደጋ የተገላቢጦሽ ነው። በስንት ወጪ ይተከላል፣ ከአንድ እናት የተለቀመ ሆኖ ሁሉም ወንድማማች ይሆናል፣ ሲዳቀሉ ፍሬው ይመነምናል፣ ከዚያ "ዬሂብ ተሞክሮ አልሆነም" ተብሎ ፋይሉ ይዘጋል። ሌላም አለ። ዬሂብ ገና ሲበቅል ሥሩን ቁልቁል ይሰዳል፣ ከላይ ጣት የማታክል ቡቃያ ከታች ረጅም ሥር ይዛለች። በላስቲክ አፍልቶ፣ በአይሱዙ ጭኖ፣ በአንድ ቀን ይህን ያህል ተተከለ የሚባልበት ዘመቻ አይስማማውም፤ ሥሩ ከተነካ ይሞታል። የሚሻለው ፍሬውን ትኩስ እያለ እዚያው መሬቱ ላይ መዝራትና እስኪጠነክር ከፍየል ማጠር ነው። ትኩስ ፍሬ ደግሞ ከሩቅ አይመጣም፣ ከቅርብ ቁጥቋጦ ነው የሚለቀመው። የትኛው ከየትኛው ጋር ቢቀላቀል ይበጃል የሚለው ጥያቄ እንደገና ተመልሶ መጣ።

ዬሂብ ከአገሩ ውጭም ተሞክሯል። ኬንያ ውስጥ ቮይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ተተክሎ ይዟል፤ ስለዚህ ተክሉ ግትር አይደለም። የቮዩ ከስንት እናት እንደመጣም ከጥቂት ቅጠል ማንበብ ይቻላል፣ ማርከሩ ካለ።

እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያውን ጉዞ እንዲህ አደርገዋለሁ። ከጅጅጋ በደገሃቡርና በቀብሪደሃር አድርጎ ዋርዴር፣ ከዚያ ቦህ፣ ዳኖት፣ ገላዲ። ከየቦታው ሠላሳ ያህል ትልልቅ ቁጥቋጦ፣ ተራርቀው የቆሙ፣ አንድ ቤተሰብ ብቻ እንዳይለቀም። ከመንገድ ዳር ብቻ መቁረጥ ክልክል። በየፖስታው ሲሊካ፣ ቀን፣ ቦታ፣ እረኛው የጠራው ዓይነት። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ ስላለ ለትልልቆቹ ወር መምረጥ አያስፈልግም፣ ደረቆቹ ወቅቶች ጂላልም ይሁን ሐጋ። ቡቃያው ግን የሚገኘው ዝናብ ጥሎ ጥቂት ሳምንት ሲቆይ፣ ፍየል ሳይደርስበት ነው። ስለዚህ መኪናው፣ አበሉና የፈቃዱ ወረቀት ጉ የሚባለው ዋናው ዝናብ ከመግባቱ በፊት፣ መጋቢት ላይ ማለቅ አለባቸው። ወረቀቱ ሐምሌ ላይ ቢያልቅ የሚቀረው ሁለተኛውን ዝናብ፣ ዴይርን መጠበቅ ነው፤ እሱም ከዘነበ።